በቁስል ላይ ቁስል አንጨምር

ምስጋና ሁሉ ሰውን አሳምሮ ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እነርሱን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።



ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሲጠጉት ግን የብዙ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ሰላም የነሣ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የንቅሳት ነገር ነው። ንቅሳት በሸሪዓችን የተከለከለ ስለመሆኑ በየሚንበሩና በየመድረሳው ተደጋግሞ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀድሞውኑ የተነቀሰ ሰው ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጥቂት ነው። መልስ በጠፋበት ቦታ ደግሞ አላዋቂ መካሪና የአሲድ ጠርሙስ ይገባሉ።

እኔ የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅ ሠፈር ነው። ሠፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያው ሥፍራ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሥጋ ደዌን ተሕዋሲ በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተጠራው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ልጅ ወልደው፣ ዕድር ገብተው ሠፈሩን ሠፈር አደረጉት። ዛሬም አለርት የቆዳ ሕመምተኞች ከሩቅ አገር ሳይቀር ተልከው የሚመጡበት ሆስፒታል ነው። በመሆኑም እኛ የዘነበወርቅ ሰዎች በቆዳው ላይ ምልክት ያለበት ሰው ምን እንደሚሰማው ከጎረቤቶቻችን ተምረናል ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አንገታቸው ዙሪያውን በሰማያዊ ንቅሳት የተከበበ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ አስጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ይህንን ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ነፍስ አላወቅሁም ነበር። አሁን ከዚህ ንቅሳት ጋር ውዱእሽ አይያዝም አሉኝ። አርባ ዓመት የሰገድሁት ሶላት ሁሉ ሜዳ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። ይህን ሲሉ ዕንባቸው በዚያው በንቅሳቱ ላይ ይወርድ ነበር። ሁለተኛዋ ወጣት ናት። እስልምናን ከተቀበለች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። በግንባሯ ላይ በሕፃንነቷ የተነቀሰ የመስቀል ምልክት ነበር። አንዲት ሴት፣ «ይህን ይዘሽ እንዴት ሱጁድ ትወርጃለሽ?» ብላ ብታሳፍራት፣ የመኪና ባትሪ አሲድ በጥጥ ነክራ ግንባሯን አሸችው። ንቅሳቱ የጣት ጫፍ ያህል ነበር፤ ዛሬ ያለው ጠባሳ ግን የግንባሯን ግማሽ ይዞ፣ ከቆዳው ከፍ ብሎ፣ ሌሊት ሌሊት እያሳከከ እንቅልፍ ይነሣታል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛዋ ናት አላህን ያስቀየመችው? እኔ እንደማምነው ሁለቱም አላህን ፈርተው የተጨነቁ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ሕጉን ግማሹን ነግረን ግማሹን በተውነው ሰዎች ዘንድ ነው።

ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሲነገር

የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የምትነቅሰውንም፣ ንቀሱኝ ብላ የምትጠይቀውንም ስለማውገዛቸው ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ የጸና ነው። ምክንያቱም የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፤ በሱረቱ አን-ኒሳእ እንደተገለጸው ሸይጧን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ ሰዎችን ሊያዝ የዛተ ጠላት ነውና። ስለዚህ ንቅሳት እንዲያው የጌጥ ነገር ነው ብሎ ማቃለል አይቻልም። በዚህ ላይ ብዥታ ሊኖር አይገባም።

ነገር ግን ሕጉ በዚህ አላበቃም። በአገራችን ብዙው ሰው የሚከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም የሆኑት ኢማም አን-ነወዊ፣ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት፣ የሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አስቀምጠዋል። አንደኛው፣ ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ብትነቀስ ኃጢአቱ የነቀሰችው እንጂ የልጅቱ አለመሆኑን ነው፤ ልጅቱ በዚያን ጊዜ በሸሪዓ የምትጠየቅበት ዕድሜ ላይ አልደረሰችምና። ሁለተኛው የማስለቀቁ ጉዳይ ነው። ንቅሳቱን በሕክምና ማስለቀቅ ከተቻለ ይለቀቅ ይላሉ። ያለ ማቁሰል የማይለቅ ከሆነና ሰውየው ለሕይወቱ፣ ለአካሉ ወይም አካሉ ለሚሰጠው አገልግሎት የሚሰጋ ከሆነ፣ ወይም በሚታይ አካሉ ላይ የከፋ መበላሸትን የሚፈራ ከሆነ ግን ማስለቀቁ ግዴታ አይሆንበትም፤ ተውባ ሲያደርግም ኃጢአቱ ይወርድለታል። ይህ ሕግ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው። እንደዚህ ዓይነት ስጋት የሌለበት ሰው ግን ቸል ሊለው እንደማይገባም በዚያው ገልጸዋል።

ልብ በሉ! ኢማሙ ይህን የጻፉት ሌዘር የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሆኖም የፊት መበላሸትን ራሱን የቻለ ምክንያት አድርገው ቆጥረውታል። ግንባሯን በአሲድ ያቃጠለችው እህታችን ይህን የሚነግራት አንድ ሰው ብታገኝ ኖሮ ፊቷ ዛሬ በሰላም ነበር።

የውዱእ ጥያቄስ? አንዳንዶች «አይያዝም» የሚሉት በሁለት ነገር ተምታቶባቸው ነው። አንደኛው ንቅሳትን እንደ ጥፍር ቀለም መቁጠራቸው ነው። የጥፍር ቀለም ከላይ ሆኖ ውሃን ይከለክላል፤ ንቅሳት ግን ከቆዳው ሥር ነው፤ ውሃው ቆዳውን ያገኘዋል። ሁለተኛው በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ቀለሙ ከደም ጋር ስለተቀላቀለ ነጃሳ ነው የሚለው ነው። ነገር ግን ይህንኑ የጻፉት ኡለማዎች ማስለቀቁ የሚጎዳው ሰው ይቅር እንደተባለለትም አብረው ጽፈዋል። ስለዚህ ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፦ «እማማ፣ ሶላትዎ ከአላህ ዘንድ ነው፤ ሜዳ አልቀረም። ሌላ ፈትዋ ቢፈልጉ የሠፈራችንን ዓሊም ይጠይቁ እንጂ ጎረቤት አይጠይቁ።»

የአስማእ እጅ

ስለ ንቅሳት ሲነሣ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ አንዲት ሰሃቢይት አለች፤ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)። እርሷን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቃት ይገባን ነበር። ከባለቤቷ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳ በአገራችን ለዓመታት ኖራለች፤ ልጆቿንም እዚሁ ወልዳለች። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ስትመለስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚያ በመርከብ ለመጡት ስደተኞች የሁለት ሂጅራ ምንዳ እንዳላቸው አበሠሯቸው። ጃዕፈር በሙእታ ከተሠዉ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገቧት።

አቡበክርን ለመጎብኘት ከአባቱ ጋር የገባ ቀይስ ኢብኑ አቢ ሓዚም የተባለ ታቢዒይ የአስማእ እጅ ንቅሳት ያለበት ሆኖ ማየቱን ተናግሯል። ይህን ኢማም አጥ-ጠበሪ ዘግበውታል፤ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒም ፈትሁል ባሪ በተሰኘው መጽሐፋቸው አንስተውታል። አጥ-ጠበሪ ሲያብራሩት፣ ምናልባት ክልከላው ከመምጣቱ በፊት የተነቀሰችውና በእጇ ላይ የቀረ ሊሆን እንደሚችል፣ ከክልከላው በኋላ አደረገችው ብሎ ማሰብ ግን እንደማይገባ ገልጸዋል። ኢብኑ ሐጀር ደግሞ የቁስል መድኃኒት ትቶት ያለፈ ምልክት ሊሆን እንደሚችልም አክለዋል።

እንግዲህ የዚህን ነገር መልክ ተመልከቱ። የሁለት ሂጅራ ባለቤት፣ የታላቁ ሰሃባ ሚስት እጇን ሰው እያየው ትንቀሳቀስ ነበር። ኡለማዎቹም ምልክቱን ባነሡ ጊዜ ያደረጉት ነገር ቢኖር ስለ እርሷ በጎ መጠርጠር ነው። እኛ ግን በገበያ መካከል የአንዲት ባላገር ሴት አንገት ስናይ ምን እንጠረጥራለን?

ቀለሙ ያለው የት ነው?

ወደ አካሉ ጉዳይ እንምጣ። ንቅሳት በቅባትና በመፋቅ የማይለቀው ለምንድን ነው? የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በየጊዜው እየተላጠ በአዲስ የሚተካ ነው። የነቃሿ መርፌ ግን ከዚያ አልፎ ወደ ሁለተኛው ሽፋን ቀለሙን ያስገባዋል። በባህላችን ቀለሙ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ፣ መሣሪያውም እሾህ ወይም አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ናቸው። ሰውነታችን ባዕድ ነገር እንደገባበት ስለሚያውቅ ጠባቂ ሴሎች መጥተው ቀለሙን ይውጡታል፤ ነገር ግን መፍጨት አይችሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. በማርሴይ ከተማ የሚሠሩ ፈረንሣውያን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት ቀለም የዋጠው ሴል ሲሞት ሌላ አዲስ ሴል መጥቶ ያንኑ ቀለም መልሶ እንደሚውጠው አሳይተዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የባትሪ አሲድ፣ በረኪና፣ የጋለ ብረት፣ በጨው መፋቅ፣ እነዚህ ሁሉ ቀለሙን ከመድረሳቸው በፊት የላይኛውን ቆዳ ያጠፋሉ። ቀለሙን ከደረሱም የሚያጠፉት ከነሥጋው ነው። ቆዳ ደግሞ ሁለተኛው ሽፋኑ ሲበላሽ እንደ ነበረ አይመለስም፤ በጠባሳ ይደፈናል። መርፌው ከሚገባው በላይ ጠልቆ የገባባቸው ሰዎች ላይም እንዲሁ መስመሩ ይጎረብጣል፤ ቀለሙም ወደ ጎን ፈስሶ ንቅሳቱ የተዥጎረጎረ ይሆናል። ይህንን የፈሰሰ ቀለም በላዩ ደግሞ በመነቀስ ለማረም መሞከር ጠባሳውን ያባብሰዋል እንጂ አያጠራውም፤ በሃይማኖታችንም ሁለተኛ ጥፋት ነው።

እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ሌላ ተጨማሪ ነገር አለ። ኬሎይድ የሚባል ጠባሳ አለ፤ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ እያደገ የሚሄድ፣ የሚያሳክክና የሚያም እብጠት ነው። በወጣትነት ዕድሜ ላይ ይበረታል፤ ጆሮ፣ ደረት፣ ትከሻና መንጋጋ ይወደዋል። በቤተሰብም ይወረሳል። ጆሮዋን ተበስታ ወይም ክትባት ተወግታ እብጠት የወጣባት ልጅ በሌላ ቦታ ስትቆስልም ሊወጣባት ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ አሲድ ስትቀባ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለተጎዳ ሰው

እንግዲህ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን እንድንፈልግ አዝዘውናል፤ አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረውናል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ተደብቆ መሰቃየት ሶብር አይባልም።

አሲድ ወይም በረኪና ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቆ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባም እንዲሁ ውሃ እያፈሰሱ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት አይደረግበት፤ ሙቀቱንና ቆሻሻውን አፍነው ይይዙታልና። አሲዱን በሌላ ኬሚካል ለማርከስ መሞከርም ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልግ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

ቁስሉ እስኪድን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እየታጠበ፣ ቫዝሊን እየተቀባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢቆይ ጠባሳው ይቀንሳል። ቅርፊቱን መላጥ፣ ማከክ፣ ፀሐይ ላይ ማጋለጥ ጠባሳውን ያበዛዋል። ከዳነ በኋላ ማበጥ ከጀመረ ቶሎ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ነው። ለኬሎይድ በእብጠቱ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እያረፈ ይደገማል። ለወራት በየዕለቱ ረጅም ሰዓት የሚለጠፍ ሲሊኮን የተባለ ልስልስ ሽፋንም አለ። «ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ብሎ መቸኮል ግን ጥሩ አይደለም፤ ያለ ሌላ ሕክምና በቢላ ብቻ የተቆረጠ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፊተኛው ይበልጣል።

ንቅሳቱን ራሱን ለማስለቀቅ አቅም ያለው ሰው ሌዘር የተባለውን ሕክምና በባለሙያ እጅ ሊያደርግ ይችላል። ጨረሩ ቀለሙን ያደቅቀውና ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲያስወግደው ያደርጋል። በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በመካከሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እያረፉ ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። ጥቁር ቀለምና የጥላሸት ንቅሳት ከሌላው ቀለም ይልቅ ይታዘዛል። ለጥቁር ቆዳ ግን ማንኛውም ሌዘር አይሆንም፤ ሐኪሞች የሚመርጡት 1064 ናኖሜትር የሚባለውን ረጅሙን ጨረር ነው። አጭሩ ጨረር የቆዳችንን የራሱን ቀለም መትቶ ነጭ ምልክት ወይም ቃጠሎ ሊተው ይችላል። በመሆኑም ከመጀመር በፊት «ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ነው ወይ? ኬሎይድ በቤተሰባችን አለ» ብሎ መንገር የታካሚዋ መብትም ግዴታም ነው። አቅም የሌላት ደግሞ አትጨነቅ፤ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም።

ይህን ሁሉ ስል አንድ የሐዲስ ታሪክ በሐሳቤ አለ። ከሰሃቦች አንዱ በጉዞ ላይ ሳለ ራሱ ተፈንክቶ በሌሊት ጀናባ ሆነ። ባልደረቦቹን በተየሙም ማለፍ እችላለሁ ወይ ቢላቸው፣ ውሃ እያለህ አይሆንም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነገሩ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር እጅግ ተቆጡ፤ የሰውየውን ሞት በእነዚያ ሳያውቁ በመለሱት ሰዎች ላይ ጣሉት፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። አቡዳውድ ዘግበውታል። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ለዲኑ ጥንቃቄ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ዛሬም «አሲድ ቀቢበት» የምትለዋ ሴት ለዲን የተቆረቆረች መስሏት ነው።

ሳይመጣ መከላከል

ከሁሉም የሚሻለው ነገሩ ሳይደርስ መከላከል ነው። ልጆቻችንን በመንቀስ የሚመጣውን በደል እንቁጠረው። በገጠር ድድ መነቀስ ጥርስን ነጭ ያስመስላል፣ የድድ ሕመምንም ያስታግሣል ይባላል። የአንገት ንቅሳት ደግሞ እንቅርትን ይከላከላል የሚሉ አሉ። እንቅርት በብዛት የሚመጣው ከአዮዲን ማነስ ነው፤ መድኃኒቱም አዮዲን ያለው ጨው እንጂ ጥላሸት አይደለም። የድድ ሕመምም በጥርስ ሐኪም ይታያል። በአንዲት መርፌ ብዙ ልጃገረዶች በተርታ ሲነቀሱ ደግሞ ደም ከደም ይገናኛል። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ሲም በዚሁ መንገድ ይተላለፋሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት ደንግጓል።

በከተማው በማሽን የሚነቀሱ ወጣቶችም አሉ። ለእነርሱ የምለው አንድ ነገር ነው። ዛሬ በ20 ዓመትህ በክንድህ ላይ የምትጽፈውን ስም በ40 ዓመትህ ለልጆችህ ታስረዳለህ፤ ከሁሉ በፊት ግን ፍጥረትህ አማና መሆኑን አስብ።

ሒጃማ ለሚያስደርጉና የልጆቻቸውን ጆሮ ለሚያስበሱም ይህ ይመለከታቸዋል። የተፈቀደ ነገር መሆኑ ምላጩን ንጹሕ አያደርገውም። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭና አዲስ መርፌ ይሁን። በእሳት ማሳየትና በአልኮል ማበስ በቂ አይደለም።

ለጌጥ ደግሞ አላህ የተፈቀደውን አላሳነሰብንም። ሴቶቻችን ለዒድና ለሠርግ ሂና ይቀባሉ፤ እንሶስላም ይሞቃሉ። እነዚህ ከላይ ቀልመው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚለቁ ናቸውና ከንቅሳት ጋር አይቆጠሩም። ነገር ግን እዚህ ላይም አደጋ ገብቷል። እውነተኛ ሂና ቀለሙ ከብርቱካናማ እስከ ቡናማ ቀይ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚሆነው «ጥቁር ሂና» ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው። ይህ ነገር በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ አበባው የተሣለበትን መስመር ተከትሎም ጠባሳ ሊተው ይችላል። ከዚያም አልፎ ሰውነት አንዴ ከተቆጣው ዕድሜ ልክ የጸጉር ቀለም በነካው ቁጥር ይቆጣል። ሙሽራዋን ለአንድ ቀን ጥቁር አበባ ብሎ ዕድሜ ልክ ምልክት መስጠት በሃላል ስም ንቅሳት ማድረግ ነው። እናቶች ሆይ፣ ሂና የምትቀባዋን ሴት «ምን ጨመርሽበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ዱቄቱ አረንጓዴ፣ ሽታው የቅጠል ይሁን።

ለኢማሞች፣ ለባሎችና ለጎረቤት

የተከበራችሁ ኢማሞችና ኡስታዞች፣ ስለ ንቅሳት ክልከላ ስታስተምሩ ከዚያው ጋር በአንድ ትንፋሽ የተነቀሰውን ሰው መንገድ ንገሩ፤ የሕፃኗን ነፃነት፣ የተውባን በር፣ ራስን ያለመጉዳትን ሕግ። ባሎች ሆይ፣ ሚስትህ ስትነቀስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ በንቅሳቷ ብትቀልድባት ያልሠራችውን ኃጢአት እያስከፈልካት ነው። አማቶችና ጎረቤቶች፣ አዲስ ወደ እስልምና የመጣች እህት ግንባር ላይ የምታዩትን ምልክት እንዳላያችሁ እለፉት። እስልምና ከእርሱ በፊት የነበረውን የሚያጠፋ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዐምር ኢብኑል ዓስ አስረድተዋቸዋል። አላህ ከልቧ የሰረዘውን እኛ ከቆዳዋ ላይ ለማንበብ ማን ሾመን?

ምልክት ያለበት ቆዳ ከአላህ ዘንድ ዋጋን እንደማያሳንስ ለማወቅ ደግሞ የኡወይስ አል-ቀረኒን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። ኡወይስ የመናዊ ነበር፤ በቆዳው ላይ ለምጽ ነበረበት። አላህን ቢለምን አንዲት ዲርሃም የምታህል ቦታ ስትቀር ሁሉንም አዳነለት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ሰው ለዑመር (ረ.ዐ) ሲነግሩ ያችን የቀረች ምልክት መታወቂያው አደረጓት፤ ቢያገኘውም ምሕረት እንዲለምንለት እንዲጠይቀው መከሩት። ዑመርም ከየመን የሚመጣውን ሕዝብ እየጠየቀ ፈለገው፤ ባገኘውም ጊዜ ዱዓ እንዲያደርግለት ለመነው። የአማኞች መሪ፣ የጀነት ብሥራት የተነገረለት ሰው፣ በቆዳው ላይ ምልክት ያለበትን ሰው ዱዓ ፈለገ።

በዘነበወርቅ መንገድ ላይ ስንሄድ ጣቶቿ በደዌ የተቆረጡ እናት፣ አንገቷ የተነቀሰ አሮጊት፣ ግንባሯ የተቃጠለ ወጣት ባገኘን ጊዜ ሰላምታ እናቅርብ። ከመካከላቸው የማንኛዋ ዱዓ ለእኛ እንደሚበጅ አናውቅምና።

አላህ (ሱ.ወ) የተጎዱትን በሽፋው ይጎብኝ። ሳናውቅ የሠራነውን ይማረን፤ የምናውቀውን በርኅራኄ የምንናገር ያድርገን። ልጆቻችንንም ከማያስፈልግ ምላጭና መርፌ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።